ጠንካራው የካርታ ምትሃት ከትርኢቱ የት ይግባ?

የካርታ ምትሃት የሚሠራ ሰው አንድ ሥራ እጁ ላይ ሲበስልለትና ተመልካቹ አፉን ይዞ ሲቀርለት ወዲያው የሚወስነው ነገር አለ፦ «ይሄ መዝጊያዬ ነው።» አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ትርኢቱን የሚያዛባው ይኸው ውሳኔ ይሆናል፤ ጥንካሬ ብቻውን ቦታ አይመርጥምና። ቦታውን የሚመርጠው ምትሃቱ ካለቀ በኋላ ትቶት የሚሄደው ነገር ነው። ካርታው ከዚያ ወዲያ ለምን ሥራ ይሆናል? ተመልካቹ ምን መጠርጠር ይጀምራል? ስሜቱ ከዚያ በላይ መውጣት ይችላል ወይስ ጣሪያው ያ ነው?

ለመግባባት ያህል፣ «ጥቅል» የምንለው 52ቱን ካርታ በአንድነት ነው። «ትርኢት» ከመግቢያ እስከ መሰናበቻ ያለውን ሙሉ ሥራ፣ «ምትሃት» ደግሞ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ሥራ ይመለከታል።

ጥቅሉ ወደ ኋላ አይመለስም

ጥቅል በትርኢት ውስጥ ዕድሜ አለው። ሲጀመር ሙሉ ነው፤ ምናልባትም ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ በምስጢር ተደርድሯል። አንድ ተመልካች ተቀብሎ ሲበውዘው ድርድሩ ይጠፋል፣ 52ቱ ግን አሁንም አሉ። ቀጥሎ አንዱ ካርታ ተፈርሞበት ለማስታወሻ ሲሰጥ ጥቅሉ 51 ይሆናል። ከዚያ አንዱ ይቀደዳል፣ አንዱ ይታጠፋል። ሁሉም እርምጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጥቅል ከአንድ በላይ ምትሃት የሚሠራ ሰው ድርድር የሚፈልገውን ያስቀድማል፣ ሙሉ ቁጥር የሚፈልገውን ያስከትላል፣ የሚያስፈርመውን ወይም የሚቀደውን መጨረሻ ያደርጋል።

ይህ ሲጣስ አደጋው አስቀድሞ አይታይም። ተመልካቹ አንድ ካርታና ከ1 እስከ 52 አንድ ቁጥር ይጠራል፤ ተቆጥሮ ሲደረስ ካርታው በዚያው ቁጥር ላይ ይገኛል። የዚህ ምትሃት ብዙዎቹ ስልቶች ጥቅሉ ሙሉ መሆኑን ይፈልጋሉ። ከሁለት ምትሃት በፊት የተፈረመ ካርታ ለአንድ ሰው ከተሰጠ ቆጠራው በአንድ ይዛነፋል። የምትሃተኛው እጅ አልተሳሳተም፣ ንግግሩም አልተሰናከለም። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው፤ እሱም ይህን የሚያውቀው ካርታው ሲገለበጥ፣ ከሰው ሁሉ ጋር እኩል ነው።

አንዳንዱ ምትሃት በተቃራኒው ጥቅሉን ምንም ሳይነካው ይወጣል። የካርታ ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን በ1946 ያሳተመው «ትራይአምፍ» የተባለው ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ግማሹ ካርታ ፊቱን፣ ግማሹ ጀርባውን እንደሰጠ ይበወዛል፤ ጥቅሉ ሲዘረጋ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞሮ፣ የተመረጠው ካርታ ብቻ ለብቻው ፊቱን ያሳያል። ውጤቱ በአንድ እይታ ይገባል፣ ጥቅሉም ሙሉና ለቀጣዩ ሥራ ዝግጁ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጠንካራ ምትሃት መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ትልቁ ጥቅሙ ባከነ ማለት ነው። ሁለተኛ ቦታ ላይ ሲገባ ግን ለሚከተለው ሁሉ መንገድ ይጠርጋል።

ልዩ ሆነው የተሠሩ ጥቅሎች ሌላ ጣጣ አላቸው። ተመልካቹ በሐሳቡ የያዘውን ማንኛውንም ካርታ ይጠራል፣ ጥቅሉ ሲዘረጋ ያ ካርታ ብቻ ተገልብጦ ይገኛል። ሥራው ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ የሚፈጥረው ድንጋጤ ግን ከባድ ነው። ሰው ደግሞ የደነቀውን ነገር መንካት ይወዳል፣ ጥቅሉ ለሰው የሚሰጥ አይደለም። መዝጊያ ከሆነ ችግር የለም፦ ጭብጨባው እንደቀለጠ ጥቅሉ ኪስ ይገባል፣ እጅ ይነሣል፣ ያበቃል። መሃል ላይ ከሆነ ግን ወዲያው ሌላ ጥቅል ማውጣት «ያኛውስ?» ያሰኛል። መፍትሔው በመካከል ካርታ የሌለበት ሥራ ማስገባት ነው፤ ገመድ፣ ሳንቲም፣ ቀለበት፣ የተመቸውን። ሦስት አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ከኪስ የሚወጣው ጥቅል የጀርባው ቀለምና ሥዕል አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ በተመልካቹ ልብ ያው የቀድሞው ነው።

ከመጨረሻው ረድፍ ምን ይታያል?

የተለመደው ካርታ ቁመቱ 89 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 64 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቀጥ ብሎ ከተያዘ በ10 ሜትር ርቀት ላለ ዓይን ቁመቱ ሙሉ ጨረቃ ሰማይ ላይ የምታህለውን ያህላል። ሙሉው ካርታ ማለት ነው፤ ጥጉ ላይ ያለው ቁጥርማ ከዚያ በጣም ያንሳል። በ20 ሜትር ደግሞ ሁሉም በግማሽ ይቀንሳል።

እንግዲህ ፍጻሜው «ባለ ልብ ሰባት ነው!» የሚል ምትሃት ከጥቂት ረድፍ ወዲያ የዓይን መሆኑ ይቀርና የጆሮ ይሆናል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው የሚያጨበጭበው ከፊት ያሉት ስላጨበጨቡ ነው። ካርታን ትልቅ መድረክ ላይ ያወጡት የቀድሞ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። «የካርታ ንጉሥ» እየተባለ ይተዋወቅ የነበረው ሃዋርድ ተርስተን የተጠሩ ካርታዎችን ከጥቅሉ በአየር ላይ ያስነሣ ነበር። ካርዲኒ ጓንት ባጠለቀ እጁ የማራገቢያ ቅርጽ የያዙ ካርታዎችን ከባዶ አየር ደጋግሞ ያወጣ ነበር። ለሁለቱም የሩቁ ተመልካች የሚፈለግበት የካርታውን መኖርና እንቅስቃሴውን ማየት ብቻ ነው፤ ጥጉን ማንበብ አይጠበቅበትም።

መለኪያው ቀላል ነው። በልምምድ ጊዜ አንድ ሰው የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ምትሃቱ ያለ ንግግር ይሠራለት፤ ከዚያ ምን እንደሆነ ይጠየቅ። «አንድ ካርታ አሳየህ» ካለ ያ ምትሃት በዚያ አዳራሽ መዝጊያ አይሆንም፤ ጠረጴዛ ዙሪያ የፈለገውን ያህል ቢያስጮህ። ያም ሆኖ የግድ መዝጊያ ይሁን ከተባለ ፍጻሜው ወደሚታይ ነገር መለወጥ አለበት፦ የታሸገ ፖስታ ተቀዶ ይውጣ፣ በትልቅ ካርታ ይገለጥ፣ ወይም የካርታው ባለቤት ራሱ በማይክሮፎን ጮክ ብሎ ይጥራው። የመጨረሻው ርካሽ መንገድ ስለሆነ ብቻ ይናቃል፤ በሚገባ ይሠራል።

መጀመሪያና መጨረሻ ይታወሳል፣ ግን…

«ሁለተኛው ጠንካራ መጀመሪያ፣ ዋናው ጠንካራ መጨረሻ» የሚለው የቆየ ምክር ያለ መሠረት የመጣ አይደለም። ሰው ከቃላት ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አብልጦ እንደሚያስታውስ የማስታወስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ የቤኔት መርዶክ የ1962 ሙከራ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ደግሞ ለምትሃተኛ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ሰዎች እጃቸውን አንዴ ለ60 ሰከንድ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ ነከሩ። ሌላ ጊዜ ያንኑ 60 ሰከንድ ነክረው 30 ሰከንድ ጨመሩ፤ በጭማሪው ጊዜ ውሃው ቀስ እያለ እስከ 15 ዲግሪ ሞቀ። የትኛውን መድገም እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። መጨረሻው ስለተሻለ ብቻ የበለጠ ቅዝቃዜ ተመኙ ማለት ነው። በትርኢትም ቢሆን ከጠንካራው በኋላ የሚጨመር ደካማ ሥራ ዝም ብሎ ተራ ጭማሪ አይሆንም፤ የጠንካራውን ትዝታ ይዞ ይወርዳል።

ግን የቃላት ዝርዝር ፍርሃት አያውቅም፣ ተጋባዥም (ከተመልካቹ መሃል ተጠርቶ የሚያግዝ ሰው) አያስፈልገው። ትርኢት ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የምትሃተኛው እጅ የሚያልብበትና የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ነው። ካርታን መዳፍ ውስጥ መደበቅ የሚጠይቅ ስስ የጣት ሥራ ያኔ አይመከርም፤ የላበ ጣት ላይ ሁለት ካርታ ይጣበቃል፣ ወይም አንዱ ሾልኮ ይወድቃል። ተመልካቹም ገና አላመነም። ያኔ የተጠራ ተጋባዥ ሐሳቡ ያለው «እንዳልዋረድ» የሚለው ላይ ነው፤ በዚህ መሃል የመረጠውን ካርታ ይረሳዋል። የረሳ ተጋባዥ ደግሞ የትኛውንም ጠንካራ ምትሃት ይገድላል፤ ካርታው በትክክል ቢገለጥም «መሰለኝ» ብሎ ይመልሳል።

ስለዚህ መክፈቻ የሚሆነው የካርታ ሥራ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ የሚወስድ፣ ተጋባዥ የማይጠራበት፣ ቆሞ የሚሠራና ያለ ንግግር የሚገባ ነው፦ ካርታ ከባዶ እጅ ሲወጣ፣ ወይም አንዱ ካርታ በዓይን ፊት ሌላ ሲሆን። መምረጥ፣ ማስታወስ፣ መፈረም ያለበት ሁሉ ቢያንስ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ይግባ። ያኔም መድን ይፈልጋል። ምትሃተኛው ፊቱን አዙሮ ተጋባዡ ካርታውን ለፊት ረድፍ ያሳይ፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ካርታ ላይ ትርኢት አይንጠለጠልም። ፊርማ ደግሞ የመርሳትን ጣጣ ጨርሶ ያጠፋል፤ በምትኩ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ዝምታ ያስከፍላል። ያንን ጊዜ የሚሞላ ንግግር ካልተዘጋጀ ሰው ስልኩን ያወጣል።

ተመሳሳይነትም ቦታ ያስለውጣል። «ካርታ ምረጥ፤ አገኘሁት» የሚል ፍጻሜ ያላቸው ሁለት ምትሃቶች ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ ስልታቸው ምንም ያህል ቢለያይ ለተመልካቹ አንድ ናቸው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ድጋሚ ይመስለዋል። ከጠንካራው በፊትና በኋላ የሚገቡት የውጤት ዓይነታቸው ይለይ፦ ማግኘት፣ መለወጥ፣ መጥፋት፣ ቦታ መቀያየር፣ የተቀደደን መመለስ፣ አስቀድሞ መተንበይ።

ማለቂያ የሌለው ምትሃት

የተመረጠው ካርታ ጥቅሉ መሃል ይገባል፣ ወዲያው ከላይ ይገኛል፤ እንደገና ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። የካርታ ሠሪ ሁሉ የሚወደው ሥራ ነው፣ ጉልበቱም ድግግሞሹ ነው። ዝነኛው ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒ አንድን ምትሃት ሦስት ጊዜ ካየ ምስጢሩን እንደሚደርስበት ይናገር እንደነበር ይነገራል። በ1922 ቺካጎ ውስጥ ዳይ ቨርነን ይህንኑ ምትሃት፣ ያውም ሁዲኒ በራሱ እጅ በፈረመበት ካርታ፣ ከሦስት ጊዜ በላይ ደጋግሞ አሳየው፤ አልደረሰበትም።

ድግግሞሹ የሚሠራው እያንዳንዱ ዙር ተመልካቹ የያዘውን ግምት ስለሚዘጋ ነው። «ከላይ የነበረው ሌላ ካርታ ይሆናል» ያለ ሰው ፊርማውን ያያል። «መሃል አላስገባውም» ያለ ሰው በራሱ እጅ ያስገባል። አራት ወይም አምስት ዙር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግምት ስለሚያልቅ የሚቀረው ድካም ብቻ ነው። ችግሩ ተፈጥሯዊ መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው፤ ስድስተኛው ዙር ከአምስተኛው አይለይም። መዝጊያ ላይ የሚሠራ ሰው «አሁን ላጨብጭብ?» የሚል ፊት ያያል። ስለዚህ ቦታው መሃል ነው፣ ወይም የመጨረሻው ዙር ከዓይነቱ ውጪ መሆን አለበት፦ ካርታው ከላይ መሆኑ ቀርቶ በምትሃተኛው ቦርሳ ውስጥ፣ ታሽጎ። ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ራሳቸው ወጥመድ ይሆናሉ፤ ሰው ሁሉ ጥቅሉን ከላይ ሲያፈጥበት ካርታው ሌላ ቦታ ነው።

ጠንካራውን ለሁለት መክፈል

ብዙ ሰው የማይሞክረው፣ በእኛ ግምት ግን ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ጠንካራውን ምትሃት አንድ ቦታ አለማስቀመጥ ነው። ካርታው ቀደም ብሎ ይፈረማል፣ ጥቅሉ ውስጥ ይጠፋል፤ ጥቅሉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ሥራ ይቀጥላል። ፍጻሜው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በመሃል ያለፈው ጊዜ ዋናውን ሥራ ይሠራል፤ ተመልካቹ «መቼ ነው ያደረገው?» ብሎ ወደ ኋላ ሲያስብ በመካከል የገቡት ሥራዎች መንገዱን ይዘጉበታል።

የ15 ደቂቃ ትርኢት ቢሆን እንዲህ ሊደረደር ይችላል። መክፈቻ፣ ካርታ ከባዶ እጅ፣ 1 ደቂቃ። በተደረደረ ጥቅል የሚሠራ ትንበያ፣ 3 ደቂቃ። ከዚያው ጥቅል ካርታ ማስመረጥና ማስፈረም፣ 1 ደቂቃ። የተቆረጠ ገመድ መመለስ፣ 2 ደቂቃ ተኩል። ያለ ንግግር የሚሠራ የሳንቲም ሥራ፣ 2 ደቂቃ። የተፈረመው ካርታ ከታሸገ ፖስታ መውጣቱ፣ 3 ደቂቃ። ድምሩ 12 ደቂቃ ተኩል ነው፤ የቀረው ለጭብጨባና ተጋባዥ ወደ መድረክ ለሚመላለስበት ይውላል። ያን ጊዜ ያልቆጠረ ሰው ሁልጊዜ ሰዓት ያልፍበታል፤ የሚቆርጠው ደግሞ መዝጊያውን ነው።

በዚህ አሰላለፍ የሚሳሳቱ ነገሮች የታወቁ ናቸው። በመክፈቻው የወጡት ካርታዎች በተደረደረው ጥቅል ላይ ከተጣሉ ትንበያው ያኔውኑ ሞቷል፤ ለብቻቸው ቦርሳ ወይም ባርኔጣ ውስጥ ይግቡ። ፖስታው ከትርኢቱ መጀመሪያ ጀምሮ በግልጽ መታየት አለበት፤ መጨረሻ ላይ ከኪስ ብቅ የሚል ፖስታ ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ስለ ፖስታው አንዴ፣ መሃል ላይ፣ በጨረፍታ መናገር ይበቃል። ሁለቴ ከተነገረ ሰው ይጠብቀዋል፤ ጨርሶ ካልተነገረ ማን እንዳስቀመጠው አያስታውስም። ከፍጻሜው በፊትም አንድ አረፍተ ነገር ማስታወሻ ያስፈልጋል፦ ማን ፈረመ፣ ካርታው የት ገባ፣ ጥቅሉን ከዚያ ወዲህ ማን ነካው። ይህ ከቀረ ፖስታው ሲቀደድ ግማሹ አዳራሽ ጎረቤቱን «ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል።

ሁለት መጨረሻ

ጠንካራው ከመዝጊያው በፊት ያለው ቦታ ላይ ሲወድቅ የሚታይ ምልክት አለ። ጭብጨባው ይረዝማል፣ አንዳንዱ ይነሣል፣ ቦርሳ የሚያነሡ ይኖራሉ። ከዚያ ምትሃተኛው «አንድ ነገር ደግሞ ላሳያችሁ» ይላል። ከዚህ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ ዕዳ ነው። ሁለቱን ማቀያየር ይቻላል፤ የሚከተለው በእርግጥ ካልበለጠ ግን መሰረዝ ይሻላል። አሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ማብቃት ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን ይጤን። መዝጊያው የሚመረጠው በጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በአስተማማኝነትም ነው። በጣም ጠንካራ ሆኖ አልፎ አልፎ የሚከሽፍ፣ ሲከሽፍም መውጫ የሌለው ምትሃት ከመጨረሻው አንድ ወይም ሁለት ቀደም ብሎ ይግባ፤ ያኔ ቢበላሽ ማካካሻ ቦታ አለ። መጨረሻ ላይ ከተበላሸ ተመልካቹ ያንን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ሲሠራ

እዚህ ሂሳቡ ሌላ ነው። በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት ምትሃት ነው። ምግብ ይመጣል፣ ስልክ ይጮኻል፤ ስለዚህ ጠንካራው ሦስተኛ እንዲሆን መጠበቅ አያዋጣም፣ ሁለተኛ ይሁን። ሦስተኛው ጊዜ ካለ የሚሠራ፣ ከሌለ የሚቀር ይሁን። የተፈረመ ካርታ በየጠረጴዛው የሚሰጥ ሰው ከአሥር ጠረጴዛ በኋላ 42 ካርታ ነው የሚይዘው፤ የጥቅሉ መሳሳት ደግሞ ለዓይን ይታወቃል። ጀርባው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለተኛ ጥቅል ይዞ በየመሃሉ መሙላት ነው፤ ግን የጎደለው ተመዝግቦ፣ አለበለዚያ አንድ ካርታ ሁለት ጊዜ ይገኛል።

ቦታውን በሙከራ መለየት

በመጨረሻ ክርክሩን የሚፈታው ሙከራ ነው። ያው ምትሃት በሁለተኛ ቦታ፣ በመሃልና በመዝጊያ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሠራ፤ ሌላው ሁሉ ሳይነካ። ስልክ መድረኩን ሳይሆን ተመልካቹን እንዲቀዳ ይቀመጥ። ሲታይ የሚጻፉት አራት ነገሮች ናቸው፦ ከፍጻሜው እስከ መጀመሪያው ድምፅ ያለው ጊዜ፣ ጭብጨባው በሰከንድ፣ ቀጥሎ ያለው ምትሃት ሲጀመር ስንት ሰው ገና ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያወራ፣ ከትርኢቱ በኋላም ሰዎች መጀመሪያ ያነሡት የትኛውን እንደሆነ።

ሦስተኛው ቁጥር ብዙ ይናገራል። ቀጣዩ ሲጀመር ሰው ገና የሚያወራ ከሆነ ጠንካራው የሚከተለውን እየበላው ነው፤ ወደ ኋላ ይገፋ፣ ወይም በመካከል ጸጥ ያለ፣ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ሥራ ይግባ። በሰከንድ የተለካው ጭብጨባ ግን በጥንቃቄ ይነበብ። መዝጊያ ላይ ያለ ማንኛውም ምትሃት ረጅም ጭብጨባ ያገኛል፤ ሰው የሚያጨበጭበው ለጠቅላላው ትርኢትና ለስንብቱ ነው። በመዝጊያ 12 ሰከንድ፣ በመሃል 9 ሰከንድ ያገኘ ምትሃት ምናልባት መሃል ላይ ነው የበረታው።